ክሩ ሲላላ

በድሮ ጊዜ የእድር ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነበር አሉ። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ዛሬ ጥሩምባ ከተነፋ የናጮች ተራ ተቀይሯል ማለት ነው። ሰዉ የጎማ ጓንቱን እያጠለቀ፣ እያዛጋ፣ ወደ ተመደበበት ቤት ይሄዳል። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ባለው ሰፈር፣ ሰው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኗል። የእድሩ ድንኳን በጥሩምባ ነፊው በጋሽ ረምዚ ጓሮ እንደተጠቀለለ አይጥ ወልዶበታል።

ያን ዕለት ጠዋት ጥሩምባው ሲነፋ ኤልዳና ከቅሉ ሥር ተቀምጣ ነበር። ገመዱ በእጇ ነው። ወደ ራሷ ትስበዋለች፣ ትለቀዋለች፤ ደግሞ ትስበዋለች፣ ትለቀዋለች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰው ጡረታ የሚወጣው በሰማንያ አምስት ስለሆነ ገና ብዙ ይቀራታል። ወገቧ ከተቆረጠ ሰንብቷል። እጆቿ ግን ሥራቸውን ስለለመዱት አያማክሯትም። ሻይ ስትጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይሉባታል፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ቀሚስ አበላሽታለች።

ቅሉ ቅል አይመስልም። ከሳሎኑ ጣሪያ በጠፍር የተንጠለጠለ፣ አራስ ልጅ የሚያህል ግልጽ ከረጢት ነው። በውስጡ ሮዝ ውሃ አለ፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ የእናቷ የእማማ ሶልያና ምትክ ልብ እያደገ ነው። ቅል ብለው የጠሩት የመጀመሪያዎቹ ናጮች ናቸው፤ እነሱ ወተት ሲናጥ ያዩ ነበሩ። አሁን በሰፈሩ ወተት ሲናጥ ያየ ሰው የለም፣ ስሙ ግን ቀርቷል።

ከቅሉ ፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ ስክሪን አለ። ምትክ የሚያሳድግ ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ስክሪን አለው፣ ቀን ከሌት አይጠፋም። የድሮ ሰው ድራማ ያይበት በነበረው ቦታ የዛሬ ሰው ሴሉን ያያል። እንግዳ ሲመጣም ከሰላምታ በኋላ የሚጠየቀው «እንዴት ነው፣ ይለያያሉ?» ነው።

የሚታየው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ሆኖም ሰው አይሰለቸውም። አንዲት ሴል ክብ ሆና ትቆይና ትረዝማለች። አስኳሏ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ከሄደ በኋላ ወገቧ ላይ መቀነት ይወጣል። ከውጭ ያሰረላት የለም፤ ከገዛ ቆዳዋ ሥር የሚፈተል ነው፣ ከጡንቻ ክር ጋር አንድ ዓይነት። መቀነቱ እየጠበቀ ይሄዳል፣ ወገቧ ገብቶ ገብቶ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። በክሩ ወዲያና ወዲህ ሁለት እህትማማች ሴሎች ተቀምጠዋል። የመጨረሻው ሥራ ይህን ክር መበጠስ ነው። የወጣት ሴል ጊዜው ሲደርስ ይበጥሰዋል። የሽማግሌ ሴል ግን ሁሉን በደንብ ሠርቶ ሠርቶ እዚህ ላይ ሲደርስ ይለግማል። ሁለቱ ክሩን ይዘው ሲሳሳቡ ይውሉና፣ ሲደክማቸው ተመልሰው አንድ ይሆናሉ፤ በአንድ ቆዳ ውስጥ ሁለት አስኳል ይዘው ይቀራሉ። ሰፈሩ እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ይላቸዋል። ጥንድ የበዛበት ልብ ምቱን ይስታል፣ ምትኩን ዘርቶ የሚሰጠው የማብቀያ ቤት መርማሪም ይጥለዋል።

ክሩ እንዲበጠስ ነው እንግዲህ ቅሉ የሚናጠው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የማብቀያ ቤቱ ሰዎች መጀመሪያ ላይ አትንኩት ብለው ነበር አሉ። ይሁንና እድር የታመመ ሰው ቤት ገብቶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አያውቅበትም። ቀባሪ ሳለ ሥራ ነበረው፤ የሚቀበር ሲጠፋ ሥራ አማረው። አንዱ ገመድ አሰረ፣ ሌላው ሳበ፣ ሌላው ደግሞ ተራ አወጣ። እየቆየም ምትኩን የማይንጥ ቤት እናቱን የረሳ ቤት እየተባለ ይታማ ጀመር። የእድሩ አዳራሽ በር ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

እማማ ሶልያና የዚህ ጽሑፍ ነገር በተነሳ ቁጥር አንበሳው ቢደክመውስ ብላ ትጠይቃለች።

ዘጠና ሰባት ዓመቷ ነው። ሶልያና አንድ ጊዜ የሕፃናት ስም ነበር ቢባል የዛሬ ልጆች ይስቃሉ፤ ለነሱ የአሮጊት ስም ነው። አልጋዋ ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተዘርግቷል፣ ፊቷ ወደ ስክሪኑ ነው። ደረቷ ውስጥ ያለው ልብ ራሱ ምትክ ነበር፣ አሁን እሱም አርጅቷል። ጉበቷም፣ ጉልበቷም፣ ዓይኗም ምትክ ናቸው። የራሴ የቀረኝ ምላሴ ብቻ ነው፣ እሱንም እንዳትቀይሩብኝ እፈራለሁ ትላለች። ይህን የምትለው እየሳቀች ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኗን ትጨፍንና ለብዙ ጊዜ አትገልጥም፤ ኤልዳና ያን ጊዜ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች።

ይብቃኝ ካለች ቆይታለች። በመጀመሪያ በቀልድ አለችው፣ ቀጥሎ በልመና፣ ከዚያ በቁጣ፣ አሁን ደግሞ በዝምታ ትለዋለች። ኤልዳና ሁልጊዜ ወሬውን ወደ ምግብ ታዞራለች። የእናትየው ቃል ብቻውን ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ሰው ዘጠና ሲሞላው ልጁ አሳዳጊው ይሆናል ይላል ሕጉ። ምትኩ በምርመራ ከወደቀ ሌላ አይሰጥም፣ ሰውየው በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ ማንም ማንንም አይወቅስም፤ በዚያ ሰፈር ግን እስካሁን ሁሉም ለጥቂትም ቢሆን አልፈዋል። ምትኩ ካለፈ ግን ይገባለታል። እንዳይገባ የሚያደርግ አንድ ነገር ቢኖር አሳዳጊው ቆሞ አይሁን ብሎ ቃሉን ሲሰጥ ነው፤ በዚያ ሰፈር ይህን ያለ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

መርማሪዋ የምትመጣው ዓርብ ነው። ያ ጠዋት ሐሙስ ነበር። በስክሪኑ ላይ ጥንዶቹ ከተለያዩት ይበዙ ነበር።

ኤልዳና ልቡ እንዲያልፍ የምትፈልገው ለሌላ አይደለም፣ ያለ እናቷ ማን እንደምትሆን ስለማታውቅ ነው። ባል ነበራት፣ ተለያዩ፤ ልጅ አልወለደችም። ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእናቷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ኖራለች። ጠዋት ስትወጣ «ወጣሁ» የምትለው፣ ስትመለስ «መጣሁ» የምትለው ለአንድ ሰው ነው። ይህን ቃል ለባዶ ቤት ስትል ራሷን ባሰበችው ጊዜ ሁሉ ገመዱን ትስባለች።

ጥሩምባው አብቅቶ ጋሽ ረምዚ ገባ። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጥሩምባውን ይነፋና የመጀመሪያውን ተራ ራሱ ይንጣል። ጥሩምባውን በር ላይ አስደግፎ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ አብሽሪ ነገ ያልፋል አላት። ገመዱን ሲቀበላት እጆቿ ባዶውን አየር ጥቂት ሳቡና ቆሙ። እሱም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሰፈሩ ውስጥ ያሉ እጆች ሁሉ እንደዚያ ናቸው።

«ወጣሁ እማዬ።»

እናቷ በዓይኗ ብቻ ሸኘቻት።

ኤልዳና የምትሠራው መናኸሪያ ነው፤ ተራ አስከባሪ ናት። ሚኒባሶቹ ሾፌር ከሌላቸው ዘመን አልፏል፤ ራሳቸው ይመጣሉ፣ ራሳቸው ይሄዳሉ። ሆኖም የኮምቦልቻ ሰው የሚጠራው ሰው ከሌለ መኪና ውስጥ አይገባም። ሾፌሩን ያጠፉት መሐንዲሶች ተራ አስከባሪውንም ሊያጠፉ ሞክረው፣ ሚኒባሶቹ ባዷቸውን ሲመላለሱ ከከረሙ በኋላ እንደገና ቀጠሩት። ስለዚህ ኤልዳና ግማሽ ቀን «ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ የሞላ፣ አንድ ሰው» እያለች ትጮሃለች፣ መኪናው ባዶ ቢሆንም። ያን ዕለት ድምፅዋ ገና በጠዋቱ ተዘጋ። አንድ ተሳፋሪ ምን ሆነሻል ቢላት፣ እናቴን እየናጥኩ ነው አለችው። ሰውየውም ገባው፣ አይዞሽ ብሏት ገባ።

እኩለ ቀን ላይ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። ጋሽ ረምዚ የለም፣ ሌላ ናጭም የለም። ቅሉ ሳይነቃነቅ ተንጠልጥሏል። እናቷ ዓይኗን ገልጣ፣ ረምዚ አሁን ገና ወጣ፣ ተረኛው በመንገድ ላይ ነው አለቻት። ድምፅዋ ከወትሮው ለስለስ ያለ ነበር። ኤልዳና ይህን ልብ አላለችም። ተረኛው እስኪመጣ ብላ ገመዱን አነሳችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። አንድ ጊዜ ሳበች። ሁለተኛውን ለመሳብ አስባ ሳለ ዓይኗ ስልምልም አለ።

የነቃችው የመግሪብ አዛን ሲሰማ ነው። ብርሃኑ ወደ ቀይ ዞሯል። አንገቷ ተጣሟል፣ ምራቋ በአገጯ ወርዷል፣ ገመዱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የት እንዳለች ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት ግን ዘላ ተነሳች፣ ገመዱን አፈፍ አደረገች፣ ልትስብ ክንዷን ዘረጋች።

«ተይው» አለች እናቷ። «ግድግዳውን እዪ መጀመሪያ።»

ኤልዳና አየች። በመጀመሪያ የሌላ ሰው ልብ መስሏት ነበር። ጠዋት ተጣብቀው፣ ተወጣጥረው፣ በአንድ ቆዳ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው የታጨቁት ሴሎች ላይ አዲስ ረድፍ ወጥቷል፤ አዲሶቹ ለየብቻቸው፣ እያንዳንዳቸው ከነአስኳላቸው፣ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ጥንዶቹ ከሥር ጥቂት ሆነው ቀርተዋል። መካከል ላይ አንዲት ሴል መቀነቷን አጥብቃ ልትጨርስ ነበር። ክሩ ታየ። ሁለቱ እህትማማቾች እንደ ወትሮው ተሳሳቡ። የሚንጣቸው ስላልነበረ ግን ትንሽ ቆይተው መሳሳባቸውን ተዉት፣ አንዷ ወደ ሌላዋ ጠጋ አለች፣ ክሩም ላላ። እንደላላ በጎኑ በኩል ቀጠነና ተበጠሰ። ምንም ድምፅ አልነበረውም። ሁለቱ ተለያይተው በነበሩበት ቦታ ተቀመጡ።

ቀጥሎ ሌላ ክር ላላ፣ ተበጠሰ። ከዚያም ሌላ።

ኤልዳና ገመዱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀች። እናቷ አልዋሸችም። ረምዚን ጠዋት አንቺ እንደወጣሽ አባረርኩት አለች። ኤልዳና ፈቃድ ወስዳለች፣ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ የዛሬ ተረኞች ሁሉ ይቅሩ ብላሃለች ብላ ነው ያባረረችው። እሱም እማማ ሶልያና አትዋሽም ብሎ ሄደ። ቅሉ ከጠዋት ጀምሮ አልተነካም ነበር።

«እንዲበላሽ ነው?» አለች ኤልዳና።

«እንዲበላሽ ነበር» አለች እናቷ። «ሳይናጥ ከዋለ ይበላሻል ብዬ ነዋ። ቀኑን ሙሉ እንዲበላሽ ስጠብቅ፣ ይኸው ፊቴ ላይ እየዳነ ዋለ።» በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ ነገር ማበላሸት እንኳ አያምርብኝም።»

«ልትሞቺብኝ ነው ያሰብሽው?»

«አዎ።»

ኤልዳና ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። የተናደደችው በውሸቱ አልነበረም፣ በአዎው ነው። እናቷም አላባበለቻትም፤ ትክ ብላ ስክሪኑን አየች። ያን ማታ ኤልዳና ገመዱን አልነካችም። ብትንጠው ይሻለው እንደሆን፣ ወይም ይበላሽ እንደሆን አታውቅም፤ ለማወቅም ጉልበት አልነበራትም። አልጋዋ ውስጥ ገብታ እስኪነጋ ድረስ ለሽ አለች። እንዲህ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከቅሉ መሰቀል ወዲህ ማለቴ ነው።

ዓርብ መርማሪዋ ሲስተር ሩሃማ መጣች። ገና ሃምሳ ያልሞላት፣ ሰፈሩ ልጅ የሚላት ሴት ናት፤ አረማመዷ ግን ሰባት ቤት የተመላለሰ ሰው አረማመድ ነው። ቅሉን በእጇ ዳሰሰች፣ ጆሮዋን ለጠፈችበት፣ ስክሪኑን ወዲያና ወዲህ አገላበጠች። ልቡ ይመታል። ምቱ አንድ ነው፣ አይሰናከልም። ዘንድሮ በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ አላየሁም አለችና ምን እንዳደረጉት ጠየቀች።

«ተኛችበት» አለች እማማ ሶልያና።

ሲስተር ሩሃማ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጫማዋን በእግሯ ገፍታ አወለቀች። ይህን ስንናገር ዓመታችን ነው አለች፣ ሰሚ ያጣ ነገር እንደምትናገር ሁሉ በዝግታ። ክር ሲሳብ አይበጠስም። ክሩ እስከተወጠረ ድረስ ሴሏ እህቴ ገና አልተደላደለችም ብላ ትጠብቃለች፣ የሚቆርጠውን ነገር አታወጣም። ሁለቱም ሲተዉትና ሲላላ ነው የሚቆረጠው። የሽማግሌ ሴል ሲሆን ደግሞ ቀስ ስለሚል ጊዜ ይፈልጋል፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። ለየእድሩ ሄደው ተናግረዋል፤ ሰዉ ሰምቶ፣ አመስግኖ፣ ሻይ ጋብዞ ሸኝቷቸው ወደ ገመዱ ተመልሷል።

«ታዲያ ስንት ልብ ነው ያደከምነው?» አለች ኤልዳና።

ሲስተር ሩሃማ ጫማዋን አደረገች፣ ተነሳች፣ ድምፅዋም ወደ ሥራው ድምፅ ተመለሰ። ምትኩ አልፏል፣ ሰኞ ሊገባ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሊያገለግል ይችላል አለች። ከዚያም ሕጉ የሚያዛትን ጠየቀች፤ አሳዳጊዋ ቃልሽን ስጪ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኤልዳና ጥያቄው ሳያልቅ ይሁን ትል ነበር። አሁን ግን ወደ እናቷ ዞረች። ሲስተሯም ብዙ ቤት ስላየች ነገሩ ገባት፣ በረንዳው ላይ ልጠብቅ ብላ ወጣች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቅሉ ውስጥ ያለው ልብ ይመታል። በእናትየው ደረት ውስጥ ያለውም ይመታል፣ እሱ ግን እየቆመ እየተነሳ ነው።

«ኤልዱ» አለች እናቷ። «እኔ ደክሞኛል። አሞኛል አላልኩም፣ ደክሞኛል ነው ያልኩት። ሰው ሲደክመው ይተኛል እንጂ ልብ አይቀየርለትም።»

«እኔም ደክሞኛል እማዬ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ስትስቢ እኔ እንዳላሳዝንሽ ብዬ ነቃ እላለሁ። እኔ ነቃ ስል አንቺ ተስፋ ታደርጊያለሽ፣ ደግሞ ትስቢያለሽ። እንዲህ ስንባባል ስንት ዓመት ሆነን?»

ኤልዳና መቁጠር አልፈለገችም። ከሄድሽ ማን አለኝ አለች። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በቃል ማውጣቷ ነበር፣ ሲወጣ እንዳሰበችው ትልቅ አልነበረም፤ የልጅ ጥያቄ ይመስላል።

«ማንም» አለች እናቷ። «እኔም እናቴ ስትሞት ማንም አልነበረኝም። ድንኳን ተተከለ፣ ሰማያዊ ነበር፣ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ምንም አልሠሩልኝም፣ ቁጭ ነው ያሉት። ከዚያ ተነሱና ሄዱ። እኔም እጠራት ነበር፣ ወጥ ቤት ሆኜ እማዬ ብዬ እጠራትና አፍሬ ዝም እላለሁ። እየቆየ መጥራቱ ቀረ።» እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች፣ ቆዳዋ ስስ ሆኗል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንቺ ሞኝ አይደለሽም፣ ወረቀትም አይደለሽ።»

ኤልዳና እጇን ያዘች። እንዳይሄድ አጥብቃ ልትይዘው ጀመረች፣ ከዚያ ስሱን ቆዳ አየችና ያዝ ለቀቅ አደረገችው። እናቷ እጇን አልወሰደችም።

ኤልዳና ወደ በረንዳው ወጥታ አይሁን አለች። ሲስተር ሩሃማ ሕጉ ደግማ እንድትጠይቅ ስለሚያዛት ደግማ ጠየቀቻት። ኤልዳና ደግማ አይሁን አለች፣ ደረጃው ላይም ተቀመጠች። ሲስተሯ ቆማ አጠገቧ ጥቂት ቆየች። ይህን ዓይነት ቃል ሰምታ አታውቅም ነበር።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። አንዳንዱ እናቷን ጣለቻት አለ። ጋሽ ረምዚ በማግስቱ ጓንቱን አጥልቆ መጣ፣ ቅሉ ላይ ገመድ እንደሌለ ባየ ጊዜ ምን ልሥራ ብሎ ቆመ። ኤልዳና ተቀመጥ አለችው። እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው እየተቁነጠነጠ ተቀመጠ፣ ከእማማ ሶልያና ጋር የድሮ ሚኒባስ ሾፌሮችን እየጠሩ ሲያሙ ዋሉ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየመጣ መቀመጥ ጀመረ። ኤልዳናም ከመናኸሪያ ስትመለስ ትተኛለች፣ ስትነሳ የእናቷን ጠጉር ታበጥራለች። የተጨቃጨቁበት ቀን አልነበረም ማለት አይቻልም፤ በጨው መብዛት እንኳ ተጣልተዋል። ግን ማታ ማታ ስክሪኑን አጥፍተው ያወሩ ነበር፤ ያ ግድግዳ ባዶ ሆኖ ሲታይ ቀለሙ ቢጫ እንደነበር ሁለቱም ረስተውት ኖሯል።

እማማ ሶልያና ክረምቱ ሳይወጣ፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ጠዋት፣ ኤልዳና ሻይ አፍልታ ስትመለስ አርፋ ተገኘች።

ኤልዳና ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ የእናቷን ዓይን ከደነች። ከዚያ ቅሉን ከጠፍሩ ፈታ አወረደችው። ልቡ አሁንም ይመታ ነበር፣ ጤናማ፣ ሳይሰናከል። ሲስተር ሩሃማ መጥታ በሁለት እጇ ታቅፋ ወሰደችው፤ እየመታ ሄደ።

ጋሽ ረምዚ ጥሩምባውን ነፋ። የሞት ጥሩምባ አነፋፍ ረስቶት ስለነበር ደጋግሞ ሞከረና በመጨረሻ አንድ ረጅም ድምፅ አወጣ። ሰፈሩ ግራ ገብቶት ወጣ። ብዙዎቹ የጎማ ጓንታቸውን አጥልቀው ነበር። የሚናጥ ነገር እንደሌለ ሲረዱ ጓንታቸውን አውልቀው በኪሳቸው ከተቱና እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ድንኳኑ ከጋሽ ረምዚ ጓሮ ወጣ፣ አይጦቹ ተበተኑ። ሰማያዊነቱ ወደ ግራጫ ሄዷል። የቱ ቋሚ የት እንደሚገባ ሲከራከሩ አረፈደ፣ ሲቆምም ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ዝናብ በአይጥ ቀዳዳ ይንጠባጠብበታል። አንድ አምሳ ዓመት የሆነው ጎልማሳ ምን እንደሚባል ጠፍቶት ኤልዳናን እንኳን ለዚህ አበቃሽ ሲላት፣ ጋሽ ረምዚ በክርኑ ጎሰመው። እግዜር ያጥናሽ ነው የሚባለው አለው፣ ጎልማሳውም እንደ ተማሪ ደገመው። ከኋላው የመጡት ሁሉ ከእሱ ሰምተው ያንኑ አሉ።

ከዚያ ተቀመጡ። ኤልዳና ከፊት፣ ጋሽ ረምዚ ከጎኗ። ማንም ምንም አልሠራም።

እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያ አላወቀችውም። ወደ ራሷ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ ይስባሉ፣ ይለቃሉ፤ የሚስቡት ግን ባዶ አየር ነው። ሰዉም አየ። አንዲት ሴት ተነስታ ልትይዛቸው ብላ ጋሽ ረምዚን አየችው፣ እሱ ተያቸው በሚል ራሱን ነቀነቀና ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿም እንደዚያው ሲሉ ቆዩ። ዝናቡ ድንኳኑን እየመታ ነው። ትንሽ ቆይተው ዝግ አሉ፣ ከዚያም ቆሙ።

ኤልዳና አየቻቸው። ሻይ አማራት፣ ጋሽ ረምዚም ሄዶ ቀድቶ አመጣላት፣ ሳታፈስስ ጠጣችው።